ማንም ሳይነካው የተመረጠ፦ በዝርዝር ሳጥን ውስጥ የመጀመሪያው መስመር ጉዳይ

የዛሬው ርዕሳችን ሲያዩት ትንሽ ነው። አንድ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ከፍታችሁ ቅጽ ልትሞሉ ነው እንበል። የከተማ ዝርዝር አለ፣ የወር ዝርዝር አለ፣ የቋንቋ ዝርዝር አለ። ማውሱን ገና ሳትነኩ ከየዝርዝሩ አንድ መስመር ተመርጦ ይጠብቃችኋል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው መስመር ነው። ማን መረጠው? እናንተ አይደላችሁም። አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰውም አይደለም። የመረጠው ዝርዝሩ የተሠራበት የፕሮግራም መሣሪያ ራሱ ነው።

ይህ ዓይነቱ ምርጫ በእንግሊዝኛ ዲፎልት ይባላል፤ ጉግል ክሮምን በአማርኛ የምትጠቀሙ «ነባሪ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። ምርጫ የሚለው ቃላችን ለዝርዝር ሳጥንም ለድምፅ መስጫ ኮሮጆም ያገለግላል። እስቲ አስቡት፦ ድምፅ ሳይሰጥ የቀረ ሰው ሁሉ በወረቀቱ አናት ላይ የተጻፈውን እጩ እንደመረጠ ቢቆጠር ምን ይባላል? በሶፍትዌር ግን ይህ በየቀኑ ይደረጋል፤ አቤት የሚልም የለም።

በዚህ ጽሑፍ ነባሪ ምርጫ ከየት እንደሚመጣ፣ በየመሣሪያው እንዴት እንደምንቆጣጠረው፣ በተለይ ደግሞ በአማርኛ ፕሮግራሞች ላይ የሚያመጣውን ጣጣ እናያለን።

አማርኛ የበዛበት መዝገብ

የምኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ነው። ካልጋሪን የሚያውቅ ሰው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለውን 17ኛ አቬኑ፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ የሚባለውን መንገድ ያውቃል፤ የቬትናም ምግብ ቤትና የሐበሻ ምግብ ቤት በአንድ መንገድ ላይ የሚገኙበት ሰፈር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ መጤዎችን የሚያስተናግድ አንድ ቢሮ የድሮ የምዝገባ ፕሮግራሙን መረጃ ወደ አዲስ ዳታቤዝ እንዳዛውርለት ጠየቀኝ። ፕሮግራሙ በዊንዶውስ ፎርምስ የተሠራ ነበር። ከመስኮቹ አንዱ «የአስተርጓሚ ቋንቋ» ይላል።

መረጃውን ስከፍት አማርኛ ከሁሉም ቋንቋ በልጦ አገኘሁት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ «ለካ ይህን ያህል ነን!» አልኩ። ቀጥዬ ስሞቹን አየሁ። የቬትናም ስም ያለው ሰው፣ አማርኛ። የስፓኒሽ ስም ያለው ሰው፣ አማርኛ። እንግሊዝኛ እንደ ውኃ የሚጠጣ ናይጄሪያዊ፣ አማርኛ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዝርዝሩ አስተርጓሚ የሚያስፈልግባቸውን ቋንቋዎች ብቻ ስለያዘ እንግሊዝኛ የለበትም። የተደረደረውም በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሆነ አማርኛ ከዐረብኛ ቀድሞ አናት ላይ ተቀምጧል። እንግዳ ተቀባይዋ አስተርጓሚ የማያስፈልገው ሰው ሲመጣ መስኩን ዘልላው ታልፋለች፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የተዘለለውን ሁሉ «አማርኛ» ብሎ ይመዘግባል።

ጉዳቱ ከሣቅ ያለፈ ነበር። ሠራተኞቹ ጥቂት ጊዜ ላልተፈለገ አስተርጓሚ ከደወሉ በኋላ ያንን መስክ ማመን ትተዋል። ስለዚህ በእውነት አማርኛ ብቻ የሚናገሩ አንዲት እናት ሲመጡ መዝገባቸው ላይ የተጻፈውን የሚያነብ አልተገኘም፤ ስለ ሕመማቸው ያስረዳላቸው የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነው ልጃቸው ነበር። አንድ ልጅ በእናቱና በነርስ መካከል ቆሞ ሊናገረው የማይገባ ብዙ ነገር አለ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ መረጃው የማይታረም መሆኑ ነው። ተመርጦ የገባ «አማርኛ» እና ሳይመረጥ የገባ «አማርኛ» ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ናቸው፤ በምንም ጥያቄ አይለዩም። በመጨረሻ ያደረግነው ያንን ሁሉ መስክ «ያልተረጋገጠ» ብለን ምልክት አድርገን፣ ሰዎቹ በሚቀጥለው ሲመጡ እንደገና መጠየቅ ብቻ ነው። ልብ በሉ፦ ባዶ መስክ ቢሆን ኖሮ ባዶነቱ ራሱ እውነት ይናገር ነበር። ነባሪው ያጠፋው ያንን ነው።

ትኩረት፣ ምርጫና ማጽደቅ

ወደ ቴክኒኩ ከመግባታችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንለይ።

የመጀመሪያው ትኩረት ወይም ፎከስ ነው። ታብ እየተጫናችሁ ስትሄዱ የኪቦርዱ ቁልፍ የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው። ዝርዝር ላይ ስትደርሱ ነጠብጣብ ክፈፍ አንዱን መስመር ሊከብበው ይችላል፤ ያ መስመር ግን ገና አልተመረጠም።

ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ መስመሩ ቀለም ተቀብቶ ይታያል፣ ፕሮግራሙም «ምን ተመረጠ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው እሱን ነው።

ሦስተኛው ማጽደቅ ነው። ተጠቃሚው «አዎ፣ ይህን ነው የፈለግኩት» ያለበት ቅጽበት ነው፤ በመጫን፣ በኢንተር ወይም በአስቀምጥ ቁልፍ።

ብዙ ፕሮግራሞች ሁለተኛውን እንደ ሦስተኛው ይቆጥሩታል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ነው።

ቁጥሮቹንም እንወቅ። ከጥንቱ የዊንዶውስ ዝርዝር ሳጥን ጀምሮ የመስመር ቆጠራ ከ0 ይነሣል፤ 0 ማለት የመጀመሪያው መስመር ነው። ምንም ካልተመረጠ መልሱ -1 ነው። በ0 እና በ-1 መካከል ያለው ርቀት በቁጥር አንድ ነው፤ በትርጉም ግን «የመጀመሪያውን ፈለግኩ» እና «ገና አልመለስኩም» በሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት ነው።

መሣሪያዎቹ ምን ያደርጋሉ?

ዊንዶውስ ፎርምስ፦ መስመሮቹን አንድ በአንድ ብታስገቡ ምርጫው -1 ሆኖ ይቆያል። ዝርዝሩን በ«ዳታሶርስ» ከመረጃ ምንጭ ጋር ስታስሩት ግን የመጀመሪያው መስመር ራሱን ይመርጣል። ምክንያቱ ከጀርባ «የአሁኑ ረድፍ የትኛው ነው?» የሚለውን የሚከታተል አካል መኖሩ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ ከ0 ይነሣል፣ ሳጥኑም ይከተለዋል። መፍትሔው ካሰራችሁ በኋላ «ሰሌክትድኢንዴክስ»ን -1 ማድረግ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። በኮንስትራክተሩ ውስጥ ብታደርጉት፣ ፎርሙ ሲከፈት ማሰሪያው እንደገና ሥራውን ይጀምርና 0 ይመለሳል። ስለዚህ በ«ሎድ» ሁነት ውስጥ አድርጉት።

ደብሊው ፒ ኤፍ፦ እዚህ ቁልፉ «ኢዝ ሲንክሮናይዝድ ዊዝ ከረንት አይተም» የሚባለው ረጅም ስም ያለው ባሕርይ ነው። ዝርዝሩን ከ«ኮሌክሽን ቪው» ጋር ስታስሩት ሳጥኑ የቪውውን የአሁኑን ረድፍ ይከተላል፤ ያ ደግሞ ሲጀምር የመጀመሪያው ነው። ባሕርዩን «ፎልስ» ስታደርጉት መከተሉን ያቆማል።

ጃቫ ስዊንግ፦ ሁለቱ ዘመዳሞች ጠባያቸው ይለያያል። «ጄሊስት» ምንም ሳይመርጥ ይከፈታል። «ጄኮምቦቦክስ» ግን ዝርዝር ስትሰጡት፣ ወይም ባዶ ሳለ የመጀመሪያውን መስመር ስትጨምሩለት፣ ወዲያው እሱን ይመርጣል። -1 ብላችሁ ራሳችሁ ባዶ ማድረግ አለባችሁ።

ኪዩት፦ «ኪውኮምቦቦክስ»ም እንደዚሁ የመጀመሪያው መስመር ሲገባ ወደ 0 ይሄዳል። ከ5.15 ጀምሮ ግን «ፕሌስሆልደር ቴክስት» የሚባል ባሕርይ አለው። መስመሮቹን ከማስገባታችሁ በፊት ከሰጣችሁት ሳጥኑ ያንን ጽሑፍ እያሳየ ይጠብቃል፤ ጽሑፉ ዝርዝሩ ውስጥ ስለማይገባ ማንም በስሕተት ሊመርጠው አይችልም። ካስገባችሁ በኋላ ከሆነ ምርጫውን ራሳችሁ -1 አድርጉት።

ጂ ቲ ኬ 4፦ በ2020 መጨረሻ የወጣው ይህ ትውልድ ነገሩን በግልጽ ስም ጠርቶታል። «ሲንግል ሰሌክሽን» የሚባለው ክፍል «ኦቶሰሌክት» የሚባል ባሕርይ አለው፤ ሲጀምር «ትሩ» ነው። «ካን አንሰሌክት» የሚባለው ደግሞ ሲጀምር «ፎልስ» ነው። ማለትም ካልነካችሁት አንድ መስመር የግድ ይመረጣል፣ ተጠቃሚውም መልሶ ባዶ ማድረግ አይችልም።

ኤሌክትሮን፦ በዌብ ቴክኖሎጂ የሚሠሩ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች የኤችቲኤምኤልን ሕግ ይወርሳሉ። አንድ መስመር ብቻ የሚያሳየው ተቆልቋይ ዝርዝር ካልተከለከሉት መስመሮች የመጀመሪያውን ይመርጣል። ብዙ መስመር እንዲያሳይ ስታሰፉት ግን አይመርጥም። አንድ ዓይነት መለያ፣ ሁለት ጠባይ።

ሌላም አደጋ አለ። ዝርዝሩ በኮድ ሲሞላ የ«ምርጫ ተቀየረ» ሁነት ሊተኮስ ይችላል። ያ ሁነት ላይ የማስቀመጫ ኮድ ካሰራችሁ ተጠቃሚው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ መረጃ ተጻፈ ማለት ነው። የሰውን እጅ ከኮድ እጅ የሚለዩ ሁነቶችን ተጠቀሙ፦ በዊንዶውስ ፎርምስ ኮምቦቦክስ «ሰሌክሽን ቼንጅ ኮሚትድ»፣ በኪዩት ኮምቦቦክስ «አክቲቬትድ»። ሁለቱም የሚነሡት ሰው ራሱ ሲመርጥ ነው።

ሁሉም ሰው መስከረም ሲወለድ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚጠቀም ፕሮግራም 13 ወራት ያሉት ዝርዝር ያስፈልገዋል። ዶትኔት ከራሱ ጋር የፋርስ፣ የዕብራይስጥና የታይ ካላንደሮች አሉት፤ የኢትዮጵያ ግን የለውም። ስለዚህ አብዛኞቻችን የወር ዝርዝሩን በእጃችን እንጽፋለን። አይ ሲ ዩ የተባለው ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን ካላንደር ይዟል፤ እሱም ወራትን ከ0 ይቆጥራል፦ መስከረም 0፣ ጳጉሜን 12።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው የ0 ወጥመድ ነው። በሲ ሻርፕ ያልተሞላ የኢንቲጀር መስክ ዋጋው 0 ነው። የወሩን ቦታ በ0 ጀምራችሁ ካስቀመጣችሁት፣ ያልተሞላው ሁሉ መስከረም ይሆናል። ዳታቤዙም ዝርዝሩም ተስማምተው ይዋሻሉ። መፍትሔው መስኩን ባዶ መሆን የሚችል ማድረግ፣ ወሩንም ከ1 እስከ 13 ባለው የራሱ ቁጥር ማስቀመጥ ነው። የሳጥን ቦታ ቁጥርን ዳታቤዝ ውስጥ አታስቀምጡ፤ አናት ላይ አንድ «ይምረጡ» የሚል መስመር የተጨመረ ቀን ሁሉም ነገር በአንድ ይንሸራተታል።

ሁለተኛው ወጥመድ የእኛው የፊደላችን ነው። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ስላሉን አንዱ «ኅዳር»፣ ሌላው «ህዳር»፣ ሦስተኛው «ሕዳር» ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለዩኒኮድ ግን የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ዝርዝራችሁ «ኅዳር» ቢልና ድሮ የተቀመጠው መዝገብ «ህዳር» ቢል፣ ፕሮግራሙ ፈልጎ ያጣዋል። ሲያጣው ምን ይሆናል? በዊንዶውስ ፎርምስ ያልተገኘ ነገር ለ«ሰሌክትድአይተም» ብትሰጡት ሳጥኑ ስሕተት አይናገርም፤ ምርጫው በነበረበት ይቀራል። የማይጻፍበት የስዊንግ ኮምቦቦክስም እንደዚሁ ነው። የነበረበት ደግሞ ራሱን የመረጠው የመጀመሪያው መስመር ነው። እንግዲህ ኅዳር የተወለደ ሰው መዝገቡ ተከፍቶ አድራሻው ብቻ ቢቀየርና «አስቀምጥ» ቢባል፣ ልደቱ ወደ መስከረም ተዛወረ ማለት ነው። ማንም ወሩን አልነካም።

ስለዚህ በስም አታመሳስሉ፤ በቁጥር አመሳስሉ። በስም የተቀመጠ የድሮ መረጃ ካለ ከመፈለጋችሁ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰንና ሠን፤ አንና ዐን፤ ጸንና ፀን ከነእርባታቸው ወደ አንድ መልክ አምጡ። ካልተገኘ ደግሞ ሳጥኑን በግልጽ -1 አድርጋችሁ ለተጠቃሚው ንገሩት።

የቀን መምረጫም ከዚህ አያመልጥም። የዊንዶውስ ፎርምስ «ዴትታይምፒከር» ሲከፈት የዛሬን ቀን ይዞ ነው። ለቀጠሮ ጥሩ ነው፤ ለልደት ግን ሽማግሌውን ዛሬ የተወለዱ ያደርጋቸዋል። «ሾው ቼክቦክስ» የሚለውን ብታበሩ ተጠቃሚው ቀኑን እንዳልሞላ መግለጽ ይችላል።

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ታሪክ ከኮምፒውተር በፊትም እናውቀዋለን። ልደታቸው በሰነድ ያልተመዘገበ ስደተኞች ወደ ምዕራቡ ዓለም ሲመጡ ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ይውላል። ከየቤተሰቡ ሁለትና ሦስት ሰው በአንድ ቀን «ተወልዷል»። ያ ቀን የማንም ምርጫ አልነበረም፤ የዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር ነው።

እኛ ያልጻፍናቸው ዝርዝሮች

አንዳንድ ዝርዝር ከስርዓተ ክወናው ነው የሚመጣው። የዊንዶውስን የሰዓት ክልል ዝርዝር ክፈቱ። አዲስ አበባ የለችም፤ የእኛ ሰዓት ያለው «ናይሮቢ» በሚለው መስመር ነው። ካልጋሪም የለችም፤ «ማውንቴን ታይም» ውስጥ ናት። በዚያ ዝርዝር ከግሪንዊች 7 ሰዓት ወደኋላ ካሉት መስመሮች የመጀመሪያው አሪዞና ነው። «7 ሰዓት ወደኋላ የሆነውን የመጀመሪያ መስመር ምረጥ» ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር ለካልጋሪ ሰው አሪዞናን ይሰጠዋል። አብዛኛው አሪዞና ሰዓቱን በዓመት ሁለቴ ስለማይቀይር ካልጋሪ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋባቸው ወራት ቀጠሮው ሁሉ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። ክረምት ላይ ሲፈተን ደግሞ ምንም ችግር አይታይም።

የካላንደር ምርጫም አለ። ዩኒኮድ የሚያስተዳድረው ሲ ኤል ዲ አር የተባለው የአገሮች መረጃ ስብስብ ለየአገሩ የካላንደር ቅደም ተከተል ይይዛል። ለታይላንድ መጀመሪያ የተቀመጠው የቡድሃ ካላንደር ነው። ለኢትዮጵያ መጀመሪያ የተቀመጠው ጎርጎርዮሳዊው፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ ስልክም ሆነ ፕሮግራም ቋንቋውን አማርኛ፣ አገሩን ኢትዮጵያ ብታደርጉትም ወሩን «ሴፕቴምበር» የሚላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። መስከረምን ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያን ካላንደር በኮዳችሁ በስሙ ጥሩት።

ታዲያ ነባሪ ክፉ ነው?

አይደለም። የዝምታን ጉልበት የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን በ2003 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከሞት በኋላ የአካል ክፍል ለመለገስ ፈቃደኛ ሆኖ የሚቆጠረው ሰው በጀርመን 12 በመቶ፣ በጎረቤቷ በኦስትሪያ ደግሞ 99.98 በመቶ መሆኑን አሳይተዋል። ልዩነቱ በሕዝቡ ደግነት አይደለም። በጀርመን ዝም ያለ ሰው «አይ» እንዳለ ይቆጠራል፤ በኦስትሪያ «እሺ» እንዳለ። እዚህ ካናዳም ኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር በጃንዋሪ 2021 ወደ ኦስትሪያው ዓይነት ሕግ ተሻግራለች፤ ከሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያዋ ናት። ልብ የሚባለው ነገር፣ ያ ነባሪ በምክር ቤት ተከራክረውበት የወጣ መሆኑ ነው። የእኛን የዝርዝር ሳጥን ነባሪ ግን ፊደል ተራ ወስኖታል።

እኔ የምመራባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ብዙው ሰው በእርግጥ የሚመርጠው አንድ መስመር አለ? የተሳሳተ ቢቀመጥ በቀላሉ ይታያል፣ ይታረማል? ጉዳዩ ስለ ሰውዬው ማንነት አይደለም? ለሦስቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ነባሪ ስጡ። የማተሚያ ወረቀት መጠን፣ የፎንት ቁመት፣ ባለፈው የተከፈተው ፎልደር፣ እነዚህ ላይ ሰውን ማስጨነቅ አያስፈልግም። ጾታ፣ ማዕረግ፣ ልደት፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋ፣ የመድኃኒት ስም፣ ገንዘብ የሚላክለት ሰው ግን ባዶ ሆነው ይጀምሩ። ማዕረግ ዝርዝር ውስጥ «አቶ» ስለቀደመ ብቻ ስንት ወይዘሮ «አቶ» ተብለው ደብዳቤ ተልኮላቸዋል!

ባዶ ስታደርጉ የሚታየውን ጽሑፍም አስቡበት። አማርኛ ግሥ ጾታ ይለያል፤ «ምረጥ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ተጠቃሚው ወንድ ነው ብላችሁ አስቀድማችሁ መረጣችሁ። «ይምረጡ» ለሁሉም ይሆናል፣ አክብሮትም አለው። «አልመለሰም»፣ «አይመለከተውም» እና «መናገር አልፈልግም» ሦስት የተለያዩ መልሶች መሆናቸውንም አትርሱ፤ የመጀመሪያው ባዶ መስክ ነው፣ ሁለቱ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የራሳቸው መስመር ሊኖራቸው ይገባል።

የታብ ፈተና

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ላብቃ። የሠራችሁትን ቅጽ፣ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ የምትጠቀሙበትን ፕሮግራም የሙከራ ቅጂ ክፈቱ። ማውሱን አስቀምጡት። ከመጀመሪያው መስክ እስከ መጨረሻው ታብን ብቻ እየተጫናችሁ ሂዱ፤ ምንም አትጻፉ፣ ምንም አትምረጡ። መጨረሻ ላይ «አስቀምጥ» በሉ። ከዚያ ዳታቤዙን ክፈቱና የተቀመጠውን ሰው አንብቡት።

ፕሮግራሙ «ይህ አልተሞላም» ብሎ ከመለሳችሁ ጥሩ ሥራ ነው። ካልሆነ ግን አንድ ሰው ታገኛላችሁ፤ ማዕረግ አለው፣ የተወለደበት ወር አለው፣ የሚናገረው ቋንቋ አለው። ማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቀውም። እንግዲህ ማስተካከል የምትጀምሩት ከእሱ ነው።